ላ ዶልቼ ቪታን ከጻፉት አንዱ ሶላቶ ሆኖ አገራችን ዘምቶ ነበር? ስለ ኤንዮ ፍላያኖ የምታውቁ ወዲህ በሉ

ሲኒማ_ራስ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የጣሊያኑን ዳይሬክተር የፌሊኒን ፊልም ላ ዶልቼ ቪታን ያየ ሰው እዚህ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ያየሁት በቅርቡ ነው። የደራሲዎቹ ስም ሲወርድ አብሮኝ የነበረ ጓደኛዬ ጣቱን ቀስሮ «ይሄ ፍላያኖ የሚባለው እኮ በወረራው ጊዜ እዚህ የነበረ ሶላቶ ነው» አለን። ቀልድ መስሎን ነበር። ስንፈልግ ግን እውነት ሆኖ አገኘነው። እንደውም ስለኛ አገር ልቦለድ ጽፎ ጣሊያን ውስጥ ትልቅ ሽልማት ወስዷል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ሰውዬ ከጦር ሜዳ ተነስቶ እንዴት እነዚያ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ ገባ ነው። ደግሞ ፊልሙ ላይ አራት ስም ተደርድሯል፣ የሱ እጅ የቱ ጋ ነው? ልቦለዱስ? በእንግሊዝኛ አለ፣ ላንብበው ወይስ ብሬን ላትርፍ? አያቴ አርበኛ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር የሶላቶ እንባ ለማንበብ ብዙም ትዕግሥት የለኝም።

ድንጋይ_አሟቂው፦

አያትህ ቢሰሙ ፊልሙንም አታይም ነበር 😂 መልስ እየጠበቅኩ ነው፣ እዚሁ ነኝ።

የቴርሚኒው፦

እውነት ነው ልጄ። እኔ የምኖረው ሮማ ነው፣ እዚህ ስሙ የታወቀ ነው፤ አባባሎቹን የቡና ቤት አሳላፊም ይነግርሃል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ፣ አለዚያ እንምታታለን።

ኤንዮ ፍላያኖ በ1910 አድሪያቲክ ባሕር ዳር ባለችው ፔስካራ ተወለደ። ልጅነቱን ከአንዱ አዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ነው ያሳለፈው። ሮማ የመጣው በ1922 ነው። በዚያው ሰሞን የሙሶሊኒ ሰዎች ወደ ሮማ ይተሙ ነበርና የተሳፈረበት ባቡር በጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ተሞልቶ እንደነበር ይነገራል። በኋላ አርክቴክቸር ጀመረ፣ አልጨረሰም። ከዚያ የኛ ነገር መጣ። በ1935 መጨረሻ ምክትል የመቶ አለቃ ሆኖ በሰሜን በኩል ገባ፣ እስከ 1936 አጋማሽ ቆየ። በማይጨው ጦርነት ጊዜ ማለት ነው፣ የመርዝ ጋዙ ከሰማይ በሚዘንብበት ጊዜ።

እዚያ ሆኖ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ሲታተም «ኢትዮጵያ፣ ለአንዲት ዘፈን የሚሆኑ ማስታወሻዎች» ዓይነት ርዕስ ነው ያለው። ሽሙጥ ነው። ያን ጊዜ ወታደሩ «ፋቼታ ኔራ»ን እየዘፈነ ነበር መርከብ የሚሳፈረው፤ ጥቁሯን ቆንጆ ነፃ ልናወጣት ነው እያለ። ፍላያኖ ዘፈኑን ከጭቃው፣ ከድህነቱና ወታደሩ በሴቶች ላይ ከሚያደርገው ነገር ጎን አስቀመጠው። ጀግና አልነበረም፣ ከድቶም አልሄደም። መኮንን ሆኖ አገልግሎ ተመለሰ። ይሄን ሳንደብቅ እንናገር።

ከተመለሰ በኋላ ጋዜጠኛ ሆነ፣ የቲያትርና የፊልም ሂስ ይጽፍ ነበር፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይም የፊልም ጽሑፍ ላይ እጁን ማስገባት ጀመረ። ልቦለዱን የጻፈው ሎንጋኔዚ የሚባል አሳታሚ «ልቦለድ ጻፍልኝ» ብሎ ወጥሮ ይዞት ነው፣ በጥቂት ወራት ጨረሰው። በ1947 ወጣ። የስትሬጋ ሽልማት ያን ዓመት መጀመሩ ነበርና የመጀመሪያው ተሸላሚ እሱ ሆነ። ርዕሱን ከመጽሐፈ መክብብ ነው የወሰደው፣ «ለመግደል ጊዜ አለው» ከሚለው። ከዚያ በኋላ ሌላ ልቦለድ አልጻፈም። እንጀራው ፊልም ሆነ።

ስክሪፕቶ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ እኔ ከሙያው በኩል ልጨምር። የድርሻ ጥያቄው እኔንም ይነካኛል፤ ስድስት ወር የለፋሁበት ፊልም ሲወጣ ስሜ «ምስጋና» ከሚለው ሥር ነው የተገኘው። ማን እንደሠራው ይቅር።

በዚያን ጊዜ የጣሊያን ፊልም ጽሑፍ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። አንዱ ታሪኩን ያመጣል፣ ሌላው ትዕይንቱን ያዋቅራል፣ ሌላው ንግግሩን ይጽፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀልድ እንዲጨምር ብቻ ይጠራል። ጓርዲኤ ኤ ላድሪ የሚባለውን የ1951 የቶቶና የፋብሪዚ ኮሜዲ ብታይ የደራሲዎቹ ዝርዝር የዕድር መዝገብ ነው የሚመስለው፣ ፍላያኖም አለበት። አብዛኛው ሥራ በወሬ ነበር። በእግር እየሄዱ፣ ቡና ቤት ተቀምጠው፣ መኪና ውስጥ።

የፌሊኒ ቡድን ግን ጠበብ ያለ ነው። ቱሊዮ ፒኔሊ የቱሪን ሰው፣ ጠበቃ የነበረ፣ ቲያትር የሚጽፍ፤ የታሪኩን አጥንት የሚያቆመው እሱ ነው። ፌሊኒ ሕልሙንና ፊቶቹን ያመጣል። ፍላያኖ ተጠራጣሪው ነው። «ይሄ ውሸት ነው፣ ይሄ ልቅሶ በዝቷል፣ ይሄን ሰውዬ አላምነውም» የሚል ሰው በየቡድኑ ያስፈልጋል፣ ማንም ባይወደውም። በላ ስትራዳ ጊዜ ታሪኩን ስላላመነበት ሲሟገት ነው የከረመው፤ ስሙም እዚያ ፊልም ላይ በተባባሪነት ነው የተጻፈው። እኔ እንደሚመስለኝ ፊልሙ ጣፋጭ ከመሆን የዳነው በሱ ምክንያት ነው፤ ያ ሁሉ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የጄልሶሚና ዓይን ብቻውን ቢተው ስኳር ይሆን ነበር።

ከ1950 እስከ 1965 ፌሊኒ የሠራው ነገር ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ፍላያኖ አለ። ኢ ቪቴሎኒ፣ ኢል ቢዶኔ፣ የካቢሪያ ሌሊቶች፣ ላ ዶልቼ ቪታ፣ ስምንት ተኩል፣ ጁሊዬታ። ለኢ ቪቴሎኒ፣ ለላ ዶልቼ ቪታና ለስምንት ተኩል በጽሑፍ ዘርፍ ለኦስካር ታጭቷል። አንዱንም አልወሰደም። በጎን ለሌላው ዳይሬክተር ለአንቶኒዮኒ ላ ኖቴን አብሮ ጻፈ፣ ፊልሙ በ1961 በርሊን ላይ ወርቃማውን ድብ አሸነፈ። ስፔን ድረስም ሄዶ ለዳይሬክተሩ በርላንጋ ሠርቷል።

ስለ ላ ዶልቼ ቪታ ደግሞ፦ ቪያ ቬኔቶ የፍላያኖ ሰፈር ናት፤ ካፌዎቿ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲታዘብ የኖረ ሰው ነው። በ1958 ፊልሙን ሲያስቡ መንገዷ እንዴት እንደተለወጠች ማስታወሻ ይዟል፣ ፎቶ አንሺዎቹን፣ ባዶ ጫጫታውን። ፓፓራትሶ የሚለውን የፎቶ አንሺውን ስምም አንድ እንግሊዛዊ በደቡብ ጣሊያን ስላደረገው ጉዞ ከጻፈው መጽሐፍ አገኘነው ብሎ ጽፏል፣ የሆቴል ባለቤት ስም ነበር። ዛሬ ዓለም ሁሉ ፓፓራዚ ይላል።

ሲኒማ_ራስ፦

ይሄን ሁሉ ጠብቄ አልነበረም፣ ተባረኩ። ግን አንድ ነገር። ኢትዮጵያ ከነዚህ ፊልሞች በአንዱ እንኳ አለች? ሰውየው እዚህ ያየውን አይቶ ሄዶ ሃያ ዓመት ስለ ሮማ ሀብታሞች ጭፈራ ብቻ ከጻፈ ልቦለዱ ለኑዛዜ ነበር ማለት ነው፣ ተናዘዘ፣ ተገላገለ።

የቴርሚኒው፦

በስም የለችም። እኔ ግን አለች ባይ ነኝ። መጀመሪያ የልቦለዱን ታሪክ ልንገርህ፣ ማንበብ ካሰብክ ይሄን አንቀጽ እለፈው።

አንድ ጣሊያናዊ መቶ አለቃ ጥርሱን ያመዋል። መኪናው ትገለበጣለች፣ በእግሩ አቋራጭ ይይዛል፣ ይጠፋል። ወንዝ ዳር ማርያም የምትባል ሴት ስትታጠብ ያገኛል። ትከላከለዋለች፣ አይተዋትም። ሌሊት አውሬ የመጣ መስሎት ይተኩሳል፣ ጥይቱ ድንጋይ መትቶ ተመልሶ እሷን ያቆስላታል። ሄዶ እርዳታ እንደመጥራት ይገድላታል፣ አስከሬኗን በድንጋይ ይሸፍናል። በኋላ ራሷ ላይ የጠመጠመችው ነጭ ጨርቅ የለምጽ ምልክት ነው ሲባል ይሰማል። እጁ ላይ ቁስል ያያል። ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ እንዳያጋልጠው ብሎ እሱንም ሊገድል ይሞክራል፣ ይሸሻል፣ ሰው አልባ የሆነ መንደር ውስጥ ዮሐንስ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ይከርማል። ቀድሞ አስካሪ፣ ማለት ለጣሊያን ያገለገሉ ያገሬው ወታደር የነበሩ ናቸው፣ የሟቿ አባት። ቁስሉ ይድናል። በመጨረሻ ለመቀጣት ተዘጋጅቶ ሲመለስ ማንም አልከሰሰውም። ሐኪሙም አልተናገረም። ማርያምን ማንም አልፈለጋትም። መርከቡ ይጠብቀዋል፣ አገሩ ይገባል።

ይሄ ነው ከሁሉ የሚያስፈራው። ቅጣት የለም። በ1947 ጣሊያን ውስጥ ይሄን መጻፍ ቀላል አልነበረም። ሁሉም «እኛ ጥሩ ሰዎች ነን» እያለ ያለፈውን በሚያጥብበት ሰዓት ስለ ኢትዮጵያ ጦርነት ልቦለድ የሚጽፍ ሌላ ሰው ብትፈልግ አታገኝም ማለት ይቻላል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው እንኳ በ1996 ነው። በ2012 ደግሞ አፊሌ የምትባል ከተማ ላይ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠሩለት። ከዚህ አገር ጋር ነው የምንኖረው።

አሁን ፊልሞቹን ተመልከት። ኢል ቢዶኔ ውስጥ ወንበዴዎች የቄስ ልብስ ለብሰው ድሀ ገበሬ ይዘርፋሉ። ካቢሪያን የሚያገባት መስሎ ገንዘቧን ይዞ የሚጠፋ ሰው አለ፣ ማንም አይዘውም። ማርቼሎ በላ ዶልቼ ቪታ ውስጥ የሚያፈቅሩትን ሁሉ ይጥላል፣ ጓደኛው ልጆቹን ገድሎ ራሱን ያጠፋል፣ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ጭፈራ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ ባሕር ዳር ያቺ ልጅ ስትጠራው አልሰማሽም ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል። ምንም አይደርስበትም። ያ መቶ አለቃ ነው ዩኒፎርሙን አውልቆ ጥቁር መነጽር ያደረገው።

ወይዘሪት_ሰኞ፦

ጋሼ ከይቅርታ ጋር፣ በዚህ አልስማማም። ካቢሪያ የፒኔሊም የፌሊኒም ናት፣ ፓዞሊኒም በቋንቋው ረድቷል። ማርቼሎን ሶላቶ ካደረግነው ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ፊልም ሁሉ የኛ ሊሆን ነው።

ልቦለዱን አንብቤዋለሁ። ጥሩ ተጽፏል፣ አልክድም። ግን ማርያም አፏን ከፍታ አንድ ሙሉ ሐሳብ አትናገርም። ገላዋ አለ፣ ዝምታዋ አለ፣ ከዚያ ሬሳዋ አለ። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ የምንሰማው የገዳዩን የጥርስ ሕመም፣ የገዳዩን ቁስል፣ የገዳዩን ፍርሃት ነው። አገሩም ለሱ የሚያሳምም ሙቀት ብቻ ነው። ሲኒማ_ራስ የሶላቶ እንባ ያልከው ነገር ሙሉ በሙሉ ስህተት አይደለም። ፍላያኖ በራሱ ሰው ላይ ይሳለቃል፣ አዎ። ግን ሲሳለቅም ካሜራው ከሰውየው ላይ አይነሳም።

እዚያው ዘመን እኮ ከበደች ሥዩም ባሏን አበራ ካሣን ጣሊያኖች ከገደሉባት በኋላ ጦር መርታለች። ሸዋረገድ ገድሌ ታስራ አሲናራ ደሴት ድረስ ተግዛለች። እነዚህ ሴቶች በቋጥኝ ተሸፍነው የሚቀሩ አልነበሩም። አዲስ አበባ የተወለደችው ገብርኤላ ጌርማንዲ በ2007 በጣሊያንኛ ያወጣችውን ልቦለድ ፈልጋችሁ አንብቡ፣ ብዙዎች ለፍላያኖ የተሰጠ መልስ አድርገው ያነቡታል። እዚያ ውስጥ ተራኪዎቹ እኛ ነን። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ነው የሚሻለው።

የቴርሚኒው፦

እህቴ ስለ ማርያም ዝምታ ያልሽውን ተቀብያለሁ፣ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ነው። በአንድ ነገር ግን ልከራከርሽ። ተራኪው የተጻፈው እንድናዝንለት አይደለም። በየገጹ ለራሱ ሰበብ ይፈጥራል፣ ሰበቡ እየተደራረበ ሲሄድ አንባቢው ይጸየፈዋል። እንባ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ ይጸጸት ነበር። አይጸጸትም፤ እንዳልተያዘ ሲያውቅ ቀለል ነው የሚለው። የሮማ ሰው ያን ያህል ራሱን ያስቀየመ ነገር ጽፎ አያውቅም።

ወይዘሪት_ሰኞ፦

እሱን እሰጥዎታለሁ ጋሼ። የማርቼሎን ነገር ግን አልሰጥም 🙂

ስክሪፕቶ፦

ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አለ። ኤል ቬርዱጎ የሚባለው የበርላንጋ ፊልም፣ 1963፣ ስፔን ገና በአምባገነኑ ፍራንኮ ሥር እያለች። ቀብር አስፈጻሚ ቤት የሚሠራ አንድ የዋህ ሰው የመንግሥት ሰቃይ ልጅ ያገባል። ቤት ለማግኘት ሲል የአማቹን ሥራ ለመውረስ ይፈርማል፤ መቼም ሰው መግደል አይደርስብኝም ብሎ። ይደርስበታል። ሰው እየጎተተ ወደ መግደያው ሲወስደው ከሟቹ ይልቅ እሱ ነው የሚንቀጠቀጠው። ዋናው ሥራ የበርላንጋና የአዝኮና ነው፣ የፍላያኖ ስም ሦስተኛ ነው። ግን ጥሩ ሰው እንዴት በቀላሉ ገዳይ እንደሚሆን የሚያውቅ ጸሐፊ ሲጠሩ ማንን እንደጠሩ አስቡት። የጋሼን ክርክር ከየትኛውም የፌሊኒ ፊልም በላይ የሚደግፈው ይሄ ይመስለኛል።

የሰውየው መጨረሻ ደግሞ ለኛ ሙያ ሰው ያማል። በ1954 አንድ አጭር ታሪክ ጽፎ ነበር። የማርስ ሰው ቪላ ቦርጌዜ ላይ በመንኮራኩር ያርፋል። ሮማ ታብዳለች፣ ጳጳሱ፣ ጋዜጣው፣ ሴቶቹ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሰለቹታል፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ላይ ሲያዩት ይሳለቁበታል። በ1960 ቲያትር አድርጎት ተዋናዩ ቪቶሪዮ ጋስማን ሚላን ላይ ተጫወተው፣ ተሰብሳቢው በጩኸት አወረደው። ላ ዶልቼ ቪታ ካን ላይ ወርቃማውን ዘንባባ በወሰደበት በዚያው ዓመት! ከዚያ በኋላ ውድቀት ራሴ ላይ ወጣብኝ እያለ ይቀልድ ነበር፤ ስኬት ራሳቸው ላይ ለወጣባቸው ሰዎች መልስ ነው።

ከፌሊኒ ጋር የተለያዩት ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። በ1964 ለስምንት ተኩል ኦስካር ወደ አሜሪካ ሲበሩ ፌሊኒ አንደኛ ማዕረግ፣ ፍላያኖ ኢኮኖሚ ተቀመጡ፤ ቂሙ ከዚያ ነው ይባላል። እውነቱ ግን ረዘም ያለ ይመስለኛል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጋዜጣው «የፌሊኒ ፊልም» ሲልበት ለከረመ ሰው ወንበሯ ሰበብ ናት። ጁሊዬታ የመጨረሻቸው ሆነች። ከዚያ ለፈረንሳዩ ዳይሬክተር ሬኔ ክሌማን የደራሲውን የፕሩስትን ትልቅ ሥራ ወደ ፊልም ሊያመጣ ብዙ ለፋ፣ አልተሠራም። በ1970 ልቡ ታመመ፣ በኅዳር 1972 ሮማ ውስጥ ሞተ፣ በስልሳ ሁለት ዓመቱ። አሁን ፔስካራ ውስጥ በስሙ የፊልምና የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አለ።

ድንጋይ_አሟቂው፦

እኔ ደግሞ ልቦለዱ ፊልም ሆኗል ሲባል ሰማሁ፣ ኒኮላስ ኬጅ ነው አሉ። እውነት ነው ወይስ አራዳ እየሸወደኝ ነው?

ስክሪፕቶ፦

እውነት ነው 😂 በ1989 ጁሊያኖ ሞንታልዶ ሠርቶታል፣ መቶ አለቃው ኒኮላስ ኬጅ ነው። ፍላያኖ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ። መጽሐፉ ሁሉ ነገር በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው የሚሆነው፤ እዚያ ያለው ሰበብ ድርደራ በፊልም ሲወጣ የሚቀርህ ላብ ያጠመቀው ኬጅ ነው። አትጀምርበት።

ሲኒማ_ራስ፦

በቃ መጽሐፉን አዝዣለሁ፣ የጌርማንዲንም በእንግሊዝኛ እያፈላለግኩ ነው። ከፊልሞቹ ላ ዶልቼ ቪታን አይቻለሁ፣ ቀጥሎ የቱን ልይ? አያቴን እያሰብኩ የምናደድበት ሳይሆን ዘና የምልበት ይሁን ለመጀመሪያ።

የቴርሚኒው፦

ኢ ቪቴሎኒ። 1953። አምስት ጎረምሶች በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ድንጋይ ሲያሞቁ፣ እናታቸው ቤት እየበሉ፣ ነገ ሮማ እንሄዳለን እያሉ። ፌሊኒ የራሱን ሪሚኒ አስቦ፣ ፍላያኖ ደግሞ ፔስካራን አስቦ ነው የጻፉት። አልቤርቶ ሶርዲ ከመኪና ላይ ሆኖ የመንገድ ሠራተኞችን ሲሳደብ መኪናዋ የምትቆምበትን ቦታ ጠብቅ።

ድንጋይ_አሟቂው፦

ስለኔ ፊልም እንደተሠራ እስከ ዛሬ ያልነገራችሁኝ ለምንድን ነው?

ወይዘሪት_ሰኞ፦

ሲኒማ_ራስ፣ መጽሐፉን ስትጨርስ ማርያም የምትናገርባቸውን ቦታዎች ቁጠርና እዚህ መጥተህ ንገረን። ጋሼ ይከፍሉኛል።